ዶሮ ቤት ተብሎ የተመዘገበው ማቅለጫ

የሚያናድደኝ ነገር ብዙ ነው፤ ከሁሉ ግን በመኪና መስኮት የሚጠየቅ ጥያቄ ደሜን ያፈላዋል። መስተዋቱ እስከ ግማሽ ይወርዳል፣ አንድ ንጹሕ ፊት ብቅ ይልና "አባ፣ በዚህ አካባቢ ቅርስ አለ?" ይላል። ገበሬው በሬዎቹን አቁሞ፣ እርፉን እንደ ያዘ፣ "የለም" ይላል። መስተዋቱ ይዘጋል። ይኼው ነው ጥናት የሚባለው። ድንቄም ጥናት!

በወረዳችን የቅርስ ባለሙያ ነኝ። ከግምጃ ቤት ከተማ ወጣ ብሎ የሚሄደው የጠጠር መንገድ ሊሰፋና አስፋልት ሊለብስ ነው ሲባል፣ አማካሪው ድርጅት ከላከው ሰው ጋር እንድሠራ ተመደብኩ። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ግንባታው ከመጀመሩ በፊት መንገዱ የሚያርፍበትን መሬት ግራና ቀኙን በእግር እየሄዱ ማየት፤ አሮጌ መቃብር፣ የተካበ ድንጋይ፣ የሸክላ ስባሪ፣ የቀድሞ ሰው እጅ ያረፈበት ማንኛውም ነገር ካለ መመዝገብ፤ ከዚያም መሐንዲሶቹ መንገዱን ፈቀቅ እንዲያደርጉት መንገር። ዶዘር ከገባ በኋላ ደረት ቢመቱ ምን ዋጋ አለው?

የአማካሪው ሰው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይኼን ልመስክርለት። ትሑት ነው፣ "እርስዎ" እያለ ነው የሚያናግረኝ። ግን መራመድ አይወድም። በመጀመሪያው ቀን ሁለት መቶ ሜትር ያህል ከሄድን በኋላ የጫማውን ጭቃ አየና "እርስዎ በእግር ይምጡ፣ እኔ በመኪና ከፊት ልጠብቅዎት፤ ካገኙ ይደውሉልኝ" አለኝ። ኔትወርክ በሌለበት አገር ይደውሉልኝ! እኔም ቦቲ ጫማዬን አጥልቄ፣ በድንች ማሳውና ለከሰል በሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ መሀል ስባዝን ዋልኩ። አንድ ባለጋሪ ፈረሱን ገታ አድርጎ "እመቤት፣ መንግሥት መኪና ነሳሽ እንዴ? ነይ ውጪ፣ በነፃ ነው" ብሎ ቀለደብኝ። ልወጣ ምንም አልቀረኝም ነበር።

በአራተኛው ቀን መንገዱ ጥምዝ የሚልበት አንድ ተዳፋት ላይ ደረስኩ። በአዲሱ ንድፍ ያ ጥምዝ ይቃናል፤ መንገዱ ተዳፋቱን ለሁለት ቆርጦ ያልፋል። እግሬ ሥር አንድ ጥቁር ነገር ተንኮሻኮሸ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። ከመጠኑ በላይ ይከብዳል፤ ላዩ ቀልጦ ፈስሶ የረጋ ነው። የብረት አር! ብረት ከአፈሩ ሲቀልጥ የሚወጣው ዝቃጭ ማለት ነው። ቀና ብዬ ሳይ ተዳፋቱ ሙሉ እሱ ነው። በመሀሉ ከሸክላ የተሠሩ፣ ወናፍ ትንፋሹን የሚያስገባባቸው ቧንቧዎች ተሰባብረው ወድቀዋል። እንደ ሕፃን ልቤ ዘለለ። ስንት ዘመን የተሠራበት ቦታ እንደሆነ ማን ያውቃል፤ ክምሩ ከቁመቴ ይበልጣል።

በማግስቱ በቀበሌው ግቢ ስብሰባ ተጠራ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ ሦስት የአገር ሽማግሌዎች በሕዝብ ፊት ይጠየቃሉ፣ የተናገሩት ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል፣ ይፈርማሉ። የአማካሪው ሰው ከቅጹ ላይ አነበበ። ከሦስቱ ትልቁ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ ግርማ ሞገስ ያላቸው ሰው፣ "ቤተ ክርስቲያናችን አለ። ዋርካው አለ። ከዚህ ሌላ የለም" አሉ።

የብረት አሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። 

"ይኼስ ምንድን ነው አባ?"

"ድንጋይ ነው።"

"ድንጋይ እንዲህ ይከብዳል?"

"የእኛ አገር ድንጋይ ከባድ ነው" አሉኝ፤ ዓይናቸውን በጨው አጥበው!

ሁለተኛው ሽማግሌ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው በአዊኛ "ተወው፣ የሴትዮዋ ነገር ይነሳል" አሏቸው። የከተማ ልብስ ለብሼ አማርኛ ስለማወራ የምሰማ አልመሰላቸውም። አዊኛ እኮ የእናቴ ቋንቋ ነው! የተሰደብኩትም የተመረቅሁትም በእሱ ነው። ግን ያን ጊዜ እንዳልሰማ ሆኜ የብረት አሩን ወደ ቦርሳዬ መለስኩት። ቃለ ጉባኤው ላይ "ሌላ ቅርስ የለም" ተብሎ ተጻፈ።

ለምን እንደ ዋሹ እንግዳ ሰው ላይገባው ይችላል፤ ለእኔ ግን ወዲያው ገባኝ። ብረት ያቀለጠ፣ የቀጠቀጠ ሰው በእኛ አገር ስሙ ቀጥቃጭ ነው፤ ከዚያም አልፎ ቡዳ ይሉታል። ማረሻውን ይወስዱለታል፣ ማጭዱን ይወስዱለታል፣ ልጁን ግን አይወስዱም። አብረውት አይበሉም፣ ሕፃን ታቅፈው በደጁ አያልፉም። እግዚኦ! በማን ማረሻ አርሰው ነው የጠገቡት? ዛሬ በዚያው ተዳፋት ላይ ዲከረንስ ቆርጦ ከሰል የሚያከስለው ሁሉ በአገሩ የተከበረ ነው፤ ሞተር ሳይክል ገዝቷል፣ ሠርግ ሲደግስ ሰው ይጋፋል። እንደዚሁ ከሰል አክስሎ፣ በከሰሉ አፈር አቅልጦ ብረት ያወጣ ሰው ግን ስሙ በስብሰባ መሀል አይነሳም። 

"ሴትዮዋ" የተባሉትን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ከተዳፋቱ በታች፣ በቀርከሃ የታጠረ አንድ ለብቻው የቆመ ቤት አለ። በማግስቱ የአማካሪውን ሰው ሳልነግር ብቻዬን ሄድኩ። አንዲት ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ አሮጊት ከደጁ ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ቀይ ቀለም ይዘሽ ነው የመጣሽው?" አሉኝ። ለመንገዱ ሥራ የተላኩ ቀለም ቀቢዎች የሚነሳውን ቤትና አጥር ሁሉ ቀይ እየቀቡ አልፈው ነበር።

"አይደለም እማማ፤ እኔ የሚፈርሰውን አይደለም፣ የሚተርፈውን ፈላጊ ነኝ።"

"የሚተርፍ ነገር አለ ብለሽ ነው?" አሉና ወደ ውስጥ አስገቡኝ።

በአዊኛ ነው ያወራነው። ቋንቋቸውን ስናገር ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። ከብዙ ዙሪያ ጥምጥም በኋላ ተነስተው ከጓሮ ወዳለች አንዲት የሣር ክዳን ጎጆ ወሰዱኝ። ቁመቷ እስከ ደረቴ ነው፤ መዝጊያዋ ከቀርከሃ የተሠራ ነው። ቀዩ ቀለም እሷ ላይም አለ። ለካሳ ግምት የመጡት ሰዎች ዝርዝራቸው ላይ "የዶሮ ቤት፣ አንድ" ብለው እንደ ጻፏት ኋላ አየሁ።

መዝጊያውን ከፈቱት። ውስጡ ዶሮ የለም። ከጭቃና ከገለባ የተሠራ፣ ከሥሩ ሰፋ ከላይ ጠበብ ያለ ምድጃ ቆሟል፤ ግድግዳው ከእሳቱ ብዛት የተነሳ ከውስጥ እንደ ብርጭቆ አብረቅርቋል። ከሥሩ የወናፉ ቧንቧ እንደ ገባ አለ። በውጭ በኩል የሠራው ሰው ጣቶች ጭቃው ላይ የሄዱበት መስመር ሳይጠፋ ይታያል።  በየቦታው ስባሪ አይቻለሁ፤ እንደ ቆመ የቀረ ግን በዕድሜዬ አላየሁም።

"የመጨረሻው ነው" አሉኝ። "አባቴ ነው የሠራው። እኔ ወናፍ ነፍቻለሁ፤ ክንዴ እስኪዝል። ኋላ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ብረት ገበያ መጣ፤ ሰው ሁሉ ማረሻውን ከእሱ ማሠራት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ እሳት አልገባበትም።"

አባታቸው ከሞቱ በኋላ ዝናብ እንዳያፈርሰው ክዳን አለበሱት። ሰው ሲጠይቅ "ዶሮ ቤት ነው" አሉ። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ሣሩን ያድሳሉ፣ የተሰነጠቀውን ጭቃ ይለስናሉ። ይኼን ሁሉ ዘመን ብቻቸውን! ደመወዝ የሚበላው እኔ ነኝ፣ ቅርስ ጠባቂዋ ግን እሳቸው ነበሩ። አፈር ልብላ አልኩ በልቤ።

"መንገዱ ይምጣ" አሉኝ። "እኔም ሲያመኝ በቃሬዛ ከመሄድ በመኪና መሄድ እወዳለሁ። ይኼን ግን አይንኩብኝ። አስጥይልኝ ልጄ።"

"ቃልዎን ይስጡኛ እማማ። እኔ ልጻፈው፣ እርስዎ ይፈርሙ።"

ፊታቸው ጥቁር አለ። "እሱን አልችልም" አሉ። የልጅ ልጃቸው ዳንግላ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ በጥሊሊ ከተማ በኩል የመጣ አንድ ልጅ ወዷታል፤ ለጥር ሽማግሌ ሊልክ ነው። የልጁ ወገኖች የቤቱን ነገር አያውቁም። "የዚህ መንደር ሰው ያውቃል፤ ግን በአፉ አያወጣውም። አንዴ በሕዝብ ፊት ከተነገረ፣ ወረቀት ላይ ከወጣ፣ ጥሊሊ ለመድረስ አንድ ገበያ ነው የሚበቃው። ቦታውን ጻፊ። የማን እንደሆነ ግን አትጻፊ። ማይልኝ።"

ማልኩላቸው። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ማልኩ።

ለአማካሪው ሰው ያነሳሁትን የምድጃውን ፎቶግራፍ ሳሳየው ከመኪናው ዘሎ ወረደ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭቃውን ረስቶ በእግሩ ሄዶ አየው። ኋላ ግን ራሱን እያከከ "ችግር አለ" አለኝ። "በግምቱ ሰነድ የዶሮ ቤት ነው። በቃለ ጉባኤው ሽማግሌዎቹ የለም ብለዋል። እኔ ብቻዬን አለ ብል ከሁለቱም ሰነዶች ጋር እጋጫለሁ። ባለይዞታዋ በስብሰባ ቃላቸውን ይስጡና ሽማግሌዎቹ ይፈርሙ። አለዚያ መሐንዲሶቹ አይቀበሉኝም።"

"ዓይንህ አይቶ የለም እንዴ?"

"ዓይኔ ሰነድ አይደለም።"

ወይ ጉድ! ዓይኑ ሰነድ አይደለም፤ በመኪና መስኮት የተጠየቀ ገበሬ "የለም" ያለው ግን ሰነድ ነው። የዚያን ቀን የተናገርኩትን ብጽፈው ደግ አይሆንም።

ሁለተኛው ስብሰባ ተጠራ። አሮጊቷ የካሳ ዝርዝራቸውን የሚያነብላቸው ሰው ስለሚፈልጉ የልጅ ልጃቸውን ከዳንግላ አስመጥተዋታል። ረጋ ያለች ልጅ ናት፤ ወረቀቶቹን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አያቷ አጠገብ ተቀምጣለች። ሐሳቤ የነበረው ስም ሳላነሳ "ጥንታዊ የብረት ሥራ ቦታ" ብዬ ሽማግሌዎቹን ማስፈረም ነው። ጠየቅኳቸው። ባለ ነጭ ጋቢው አሁንም "ድንጋይ ነው ብለናል እኮ፣ ልጄ" አሉ። ሁለተኛው "ደግሞ ብረት ሠሪ በእኛ አገር ኖሮ አያውቅም፤ አገሩን አታሰድቢ" ብለው ጨመሩበት። ከኋላ በኩል ሰው ሳቀ። አሮጊቷ መሬት መሬት እያዩ ነው።

ያኔ ነው ያበድኩት። ንዴት ሲይዘኝ አፌ ከእኔ ፈቃድ ውጪ ነው። ብድግ አልኩና "ኖሮ አያውቅም? እማማ፣ ይንገሯቸው እንጂ! ዶሮ ቤቱ ውስጥ ያለው የማን እጅ ሥራ ነው?" አልኩ።

ከአፌ ሳይወጣ ብይዘው ምን ነበረበት! ግቢው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። አሮጊቷ ቀስ ብለው ቀና አሉና እኔን አዩኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

"ዶሮ ቤት ነው" አሉ፤ በአማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "ዶሮ ቤት ነው፤ አፍርሱት።"

 የቀበሌው ጸሐፊ እስክሪብቶውን አነሳ። በዚህ ጊዜ ልጅቷ ወረቀቶቹን መሬት ላይ አስቀምጣ ተነሳች።

"አትጻፍ" አለችው።

"አንቺ ተቀመጪ!" አሉ አያቷ።

"አልቀመጥም። ለእኔ ብለሽ ነው የምታስፈርሺው፤ አውቃለሁ። ማን ጠየቀኝ?"  ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። "እናንተም ታውቃላችሁ። ትምህርት ቤት እያለሁ ልጆቻችሁ በእኔ ጣሳ ውኃ አይጠጡም ነበር። ብረት ሠሪ ካልነበረ፣ ለምንድን ነው የማይጠጡት?"

 ልጅቷ ወደ ጸሐፊው ሄዳ "የብረት ማቅለጫ ነው። የሠራው የአያቴ አባት ነው። እኔ እፈርማለሁ" አለች። ፈረመች። ከእሷ በኋላ ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ፈረሙ፤ ለእውነቱ ብለው አይደለም፣ ስለ ጣሳው የሚሉት ቢያጡ ነው።

መንገዱ ፈቀቅ አለ። ጥምዙ እንደ ጥምዝነቱ ቀረ፤ ዛሬ አስፋልቱ ተዳፋቱን ሳይነካ ዞሮ ያልፋል። ለሙያዬ ትልቅ ድል ነው፤ የምስጋና ወረቀትም ተሰጥቶኛል። ጥር ግን መጣ፣ ሄደ፤ ከጥሊሊ የመጣ ሽማግሌ የለም። መጀመሪያ "የልጁ አጎት ታሞ ነው" ተባለ። ኋላ "ለጊዜው ይቆይ" ተባለ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልተባለም። አንድ ገበያ ነው የበቃው፤ እንዳሉት።

ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። አሮጊቷ ከመቀመጫቸው አልተነሱም፣ ግቢ አላሉኝም። "ቤቱን አተረፍሽልኝ፤ እግዜር ይስጥሽ" አሉ። "ምለሽልኝ ነበር ግን።" ምን እላለሁ? በሌላው ላይ ስቆጣ ስንት ቃል አለኝ፤ ያን ቀን አንድም አላገኘሁም። በራሴ እንደ ተናደድኩ፣ ጥፍሬን እየነከስኩ በእግሬ እስከ ግምጃ ቤት ተመለስኩ።

መንገዱ ሲመረቅ ተዳፋቱ ላይ ሰሌዳ ተተከለ፤ "ጥንታዊ የብረት ማቅለጫ" ይላል። የዞን ሰዎች መጡ፣ ካሜራ መጣ። እና ካሜራው ፊት የቆመው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ባለ ነጭ ጋቢው! አፋቸውን ሞልተው "ይኼ የአባቶቻችን ጥበብ ነው። አባቶቻችን ከማንም ሳይማሩ ብረት ያቀልጡ ነበር። እኛም ጠብቀን አቆይተነዋል" አሉ። ተጨበጨበላቸው። እኔ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። አሮጊቷን ንግግር ያድርጉ ያላቸው የለም፤ ወንበር እንኳ ያቀረበላቸው የለም።

ካሜራው ሲታጠፍ ወደ ሽማግሌው ጠጋ አልኩ።

"አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?"

"ጠይቂ ልጄ" አሉ። ደስ ብሏቸዋል።

"ያ ዳንግላ ሱቅ ያለው ትንሹ ልጅዎ፣ አላገባም አይደል?"

"አላገባም። ደህና ቤት እያፈላለግንለት ነው።"

"ታዲያ ምን ያደክማችኋል? የዚህ ጥበብ ባለቤት ልጅ እዚያው ዳንግላ አለችላችሁ። ሽማግሌ አይልኩም?"

ሳቁ። ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። "አይ አንቺ! ቀልደኛ ነሽ እኮ" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። አጠገባቸው የቆሙትም አብረው ሳቁ። እንዳልቀለድኩ ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣ ዓይናቸውን ከእኔ አንስተው ወደ ኋላዬ አዩና ሳቃቸው ቆመ። ዞር አልኩ። ልጅቷ አያቷን በክንዷ ደግፋ ሁለት እርምጃ ላይ ቆማለች።